ጊንጥ ዓሣ በለገጣፎ፦ ውሃውን፣ መብራቱንና አየሩን እንዴት እንደቻልኩት

ጊንጥ ዓሣ (በእንግሊዝኛ ስኮርፒዮንፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ) ለኛ ሰፈር የተመቸ ነው ስል ሰው ይስቅብኛል። ውድ ነው፣ መርዝ አለው፣ እንደ ልብ አይገኝም፣ ባሕሩም ሩቅ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን እዚህ ለገጣፎ፣ መብራት በፈለገው ሰዓት እየጠፋ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እየመጣ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ገንዳ፣ አቁሜ ስኖር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ከሚውለው ቆንጆ ዓሣ ይልቅ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚውለው ይሄ ሰነፍ ዓሣ ለችግራችን የሚስማማ መሆኑ ነው።

ምክንያቱ አየር ነው። ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጨዋማ ውሃ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሞቅ ያለው ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ። ሦስቱም እኛ ላይ ተደራረቡ ማለት ነው። በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይኖራል የሚለው ስሌት የተጻፈው ባሕር ዳር ላሉ ሰዎች ነው፤ እኛ መቀነስ አለብን። ጊንጥ ዓሣ አድፋጭ ስለሆነ ጉልበት አያባክንም፣ የሚፈልገው ኦክስጅንም ትንሽ ነው። ፓምፕ ሲቆም ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስለዚህ ገንዘቤን መጀመሪያ ያፈሰስኩት ዓሣው ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነው። ስኪመር የሚባል ማሽን አለ፤ ውሃውን ከአየር ጋር እየናጠ ቆሻሻውን በአረፋ ያወጣል። ገንዳዬ 400 ሊትር ነው፤ ለዚህ መጠን ከሚመከረው ከፍ ያለውን ወሰድኩ። የውሃው ፊት ሁሌ እንዲናወጥ አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አዙሬዋለሁ፣ ታች ግን ውሃው ረጋ ያለ ነው። ኃይለኛ ፍሰት ይሄን ዓሣ ያስጨንቀዋል።

የያዝኩት የጊንጥ ዓሣ ዝርያ ራይኖፒያስ ፍሮንዶሳ ይባላል። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ጃፓን ድረስ ይገኛል፣ ግን የትም ብዙ አይደለም። በውጭ ገበያ ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ቀለሙ ካማረ ከሺህም ያልፋል። ሰውነቱ በሙሉ የባሕር አረም በሚመስል ጭፍርር ያለ ሥጋ ተሸፍኗል። ከመዋኘት ይልቅ በክንፎቹ መሬት ላይ ይራመዳል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «አንተ ልጅ፣ ይሄን ድንጋይ ነው በዶላር የገዛኸው?» አለችኝ። አሁን ግን ቆዳውን ሊቀይር ሲል ከኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። አዎ፣ ቆዳውን ይቀይራል። ላዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌና ጥገኛ ተሕዋስ የሚያራግፈው እንዲያ ነው። ከዚያ በፊት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ምግብ እምቢ ይላል። ታመመ ብላችሁ መድኃኒት እንዳትጨምሩበት። ተዉት፣ ሲወልቅ ገፈፉን አንሱለት፣ በቃ።

ወደ ውሃው ልምጣ። የለገዳዲ ግድብ ጎረቤታችን ነው፣ የቧንቧው ውሃ ግን ክሎሪን አለው። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶውን እሞላለሁ፣ ከዚያ አርኦ በሚባለው ማጣሪያ ቀስ እያልኩ አሳልፈዋለሁ። ማጣሪያው ግፊት ይፈልጋል፤ የሰፈራችን ግፊት ደካማ ስለሆነ ትንሽ ፓምፕ ጨምሬበታለሁ። የሚተርፈውን ውሃ አልደፋም፣ ለልብስና ለግቢ ይሆናል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። የአፍዴራ ጨው አይሆንም ወይ? አይሆንም። የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም ሁሉ አለ። ለአኳሪየም ተብሎ የሚቀመመው ጨው የግድ ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ ስለሚገባ ገንዳውን መጀመሪያ ለመሙላት ብቻ 14 ኪሎ ጨው በላብኝ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ከወዲሁ ተወዳጁት። ጨውነቱን የምለካው በሪፍራክቶሜትር ነው፣ 1.023 እና 1.025 መሃል ላይ አቆየዋለሁ (ቁጥሩ የውሃው ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ነው)። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራው ውሃ ነው፤ አለበለዚያ ገንዳው በየሳምንቱ እየመረረ ይሄዳል።

የገንዳውን ውስጥ ድንጋይ ከሙገር በኩል በመጣ የኖራ ድንጋይ ሠራሁት። ለሲሚንቶ የሚሆነው ያው ድንጋይ ነው። አሲድነትን ስለሚያረግብ ለጨው ውሃ ጥሩ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ አቼቶ ጠብ ስታደርጉበት አረፋ ያወጣል። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ስለሆነ አያወጣም። ድንጋዩን አጥቤ ከከተትኩ በኋላ ባዶውን ገንዳ ሳምንታት አስቆጠርኩት፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ። አሞኒያውም፣ ከሱ የሚፈጠረው ናይትራይትም ዜሮ ሳይሉ ዓሣ አላዘዝኩም። ይሄ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

መብራት። ባትሪና ኢንቨርተር ገዛሁ፣ ግን ሁሉንም ዕቃ እንዲሸከም አልሞከርኩም። ሂተር ባትሪን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። መብራት ሲሄድ ባትሪው የሚያስኬደው የአየር ፓምፑንና አንድ ትንሽ የውሃ ፓምፕ ብቻ ነው። ለሙቀቱ ከፊት በቀር የገንዳውን ጎን፣ ጀርባና ታች በፎም ሸፈንኩት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው፤ ቢሆንም 400 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ፎሙም ብዙ ረዳኝ። በአንድ ትልቅ ሂተር ፋንታ ሁለት ትንንሾች አሉኝ፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይይዘዋል። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ምግብ የለም። ይሄ ዓሣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚበላው፣ አንዱ ቢዘለለው ምንም አይሆንም። የቀረ ምግብ ግን ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ ቢበሰብስ ጣጣ ነው።

ዓሣው የመጣው ፈቃዱና የጤና ወረቀቱ ተሟልቶ በካርጎ ነው። ለላኪው አስቀድሜ ሁለት ነገር ነግሬው ነበር። አንደኛ፣ ፕላስቲኩን እስከ አንገቱ አትንፋው፤ ባሕር ዳር የታሰረ አየር ቦሌ ሲደርስ ይለጠጣል። ሁለተኛ፣ የውሃህን ጨውነት ላክልኝ። አዲስ የመጣ ዓሣ ለጊዜው የሚቆይበትን ገንዳዬን ከሱ ጋር እኩል አደረግኩት። ለምን መሰላችሁ? በመንገድ ላይ ፕላስቲኩ ውስጥ አሞኒያም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠራቀማል፤ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ያኔ አሞኒያው ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። ስለዚህ ፕላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከዚያ ቶሎ ማዛወር ነው። በመረብ አይያዝም፣ እሾሁ ይጠላለፋል። በፕላስቲክ ሳህን ከነውሃው ይወሰዳል።

አዲስ የመጣ ጊንጥ ዓሣ የማይንቀሳቀስ ምግብ አያይም። ከተማ ውስጥ ጌጥ ዓሣ ከሚሸጡ ቤቶች ሞሊ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ገዝቼ ቀስ በቀስ ጨው አለማመድኳቸውና በነሱ ጀመርኩ። ወርቃማው ጎልድፊሽ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሰጡት፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለው፣ ውሎ አድሮ ይገድላል። ቀጥሎ የሞተ ሽሪምፕ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቼ ፊቱ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ለቀናት ዞር ብሎም አላየኝም። አንድ ማታ ግን አፉን ሲከፍት ራሱ አልታየኝም፣ ሽሪምፑ ብቻ ጠፋ። አሁን የሚበላው በረዶ ቤት የቆየ ሽሪምፕና የባሕር ዓሣ ቁራጭ ነው፣ ቫይታሚን ነክሬ።

መርዙን በተመለከተ፦ መርዛማው እሾህ ጀርባው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሆዱ በታች ባሉት ክንፎችም ላይ አለ፤ አይወረውረውም፣ አሳድዶም አይወጋም፣ ከነካችሁት ግን አለቀ። እጄን ከመክተቴ በፊት የት እንዳለ አያለሁ፣ ብቻዬን ቤት ስሆን ጨርሶ አልከትም። ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ አጠገቤ ይቀመጣል። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ የተወጋውን ቦታ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። ሙቀቱን ባልተወጋው እጅ ፈትሹ፣ የተወጋው ቃጠሎን ላይለይ ይችላል። ከዚያ ሆስፒታል። ክዳኑ ቁልፍ አለው፣ የጎረቤት ልጆች ስለሚመጡ።

ገንዳው ባዶ ይመስላል፣ ሌላ ዓሣ ጨምርበት የሚሉኝ አሉ። አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምሳው ነው፣ አፉ ደግሞ ከሚታየው በላይ ይከፈታል። የሚለቃቅሙት እንደ ትሪገርፊሽ ያሉት ደግሞ ጭፍሩን ይቀነጣጥሱታል። ሁለተኛ ጊንጥ ዓሣ ካማረኝ ሁለተኛ ገንዳና ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገኛል፤ የባትሪውን ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ለጊዜው ትቼዋለሁ።