ከጅቡቲ ከመነሳት በፊት፦ ቲ1 ላይ የሚመሳከሩ ቁጥሮች

በጅቡቲ ድንበር ባለው በጋላፊ በኩል የሚገባ ጭነት ኬላ ላይ በሰነድ ምክንያት ሲቆም፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የተሠራው ገና ወደብ ውስጥ ነው። ቲ1 ቀረጥና ታክስ ያልተከፈለበት ዕቃ በዋስትና እስከ መድረሻው ጉምሩክ ጣቢያ እንዲጓዝ የሚፈቅድ ሰነድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የእሽጉ (በሩ የሚታሸግበት ሲል) ቁጥር፣ የጎታቹና የተሳቢው ሰሌዳ።

ሰሌዳ የሚለያየው ሰነዱ ካለቀ በኋላ ጭነቱ ለሌላ መኪና ተሰጥቶ ወረቀቱ ሳይታረም ሲቀር ነው። እሽግ ደግሞ ባለ 20 ጫማ ሁለት ኮንቴይነሮች በአንድ ተሳቢ ላይ ሲጫኑ ይምታታል፤ የአንዱ በሌላው ስም ይጻፋል። በሩ ድረስ ሄዶ ማንበብ እንጂ ከፓኪንግ ሊስት (ከዕቃው ዝርዝር ሰነድ) መገልበጥ አይበቃም።

የኮንቴይነር ቁጥር ግን ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው፤ ይህን የማይጠቀም የጉምሩክ አስተላላፊ መኖሩ ያስቆጫል። ቁጥሩ 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ ከቀደሙት 10 ምልክቶች ይሰላል። ፊደሎቹ በቁጥር ይተካሉ፤ የላቲኑ ኤ 10፣ ቢ 12 እያለ ዜድ 38 ይሆናል፤ 11፣ 22 እና 33 ይዘለላሉ፤ አሃዞቹ እንዳሉ ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው ምልክት በ1፣ ቀጣዩ በ2፣ ከዚያ በ4፣ በ8 እየተባለ አሥረኛው በ512 ይባዛል። ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው የመጨረሻው አሃዝ ነው፤ 10 ከተረፈ 0 ይጻፋል። ለምሳሌ ሲ ኤስ ኪው ዩ 305438 ድምሩ 6185 ነው፤ 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ አሃዞቹ 3054383 ናቸው። በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ሥራ ነው፤ አንድ አሃዝ ሲሳሳት ወይም ሁለት ጎረቤታሞች ቦታ ሲለዋወጡ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል።

መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ጭነቱን በራስ ፈቃድ ማዘዋወር አይገባም። ቅርብ ላለው ጉምሩክ ጣቢያ ማሳወቅ፣ አዲሱን ሰሌዳ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይቀድማል። እሽግ መፈታት ካለበት የጉምሩክ ሠራተኛ ባለበት ይፈታል፤ አዲሱ ቁጥርም ይመዘገባል። በአደጋ የተበጠሰ እሽግ እንኳ ሳይነገር ከተገኘ ዕቃ እንደተቀነሰ ያስጠረጥራል።

ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረስ ብቻውን ዋስትናውን አያስለቅቅም። የመድረሻው ጣቢያ ጭነቱን ተቀብሎ ትራንዚቱን በሲስተም እስኪዘጋ ድረስ ቲ1 ክፍት ነው። ሾፌሩ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት መዘጋቱን አስተላላፊው ያረጋግጥ፤ በኋላ መከታተል ብዙ ምልልስ አለው።