የኋላ ሾክ ፍለጋ፦ ቁመቷን ራሷ ለምታስተካክል መኪና

መኪናዬ ከኋላ ቁጭ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ባዶዋን ብዙም አያስታውቅባትም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰው ሲቀመጥና ዕቃ ሲጨመር ግን አፍንጫዋን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ጉብታ ላይ ደግሞ ከታች ጓ ትላለች። ሾክ መሆኑ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልነበረው የትኛው ሾክ እንደሚገባላት ነው። ጭነት ሲበዛ የኋላ ቁመታቸውን ራሳቸው ከሚያስተካክሉት ወገን ስለሆነች፣ «የዚህን ሞዴል የኋላ ሾክ ስጠኝ» ብሎ መግዛት ለሷ አይሠራም። እስካሁን የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ፤ ገና ያላለቀም አለ።

ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ክብደቱን የተሸከመው ማነው? በተራ መኪና ላይ ሞላው ነው። ሾኩ ከሞላ ጎደል ምንም አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው ሲነጥር ንጥረቱን ማብረድ ነው። ለዚህ ነው ተራ ሾክ ሲያልቅ መኪናው የሚወዛወዘው እንጂ ቁጭ የማይለው። የእናንተ መኪና ቁጭ ካለ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ደግሞ ሾኩ ራሱ ተሸካሚ ነበር ማለት ነው።

የኔዋ ላይ ያለው ኒቮማት የሚባለው ነው፣ ዜድ ኤፍ ሳክስ የሚባለው ኩባንያ ሥራ። የመጀመሪያው ትውልድ ቮልቮ ኤክስሲ90 ላይ፣ አንዳንድ ኪያ ሶሬንቶና ሂዩንዳይ ሳንታ ፌ ላይም ይገኛል። ብልሃቱ በጣም ደስ ይላል። ኮምፕሬሰር የለም፣ ሴንሰር የለም፣ ሽቦ የለም፣ ቱቦ የለም። ሁሉም ነገር ሾኩ ሆድ ውስጥ ነው። መኪናው ሲሄድ ጎማው ከፍ ዝቅ ይላል አይደል፤ ያ እንቅስቃሴ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፓምፕ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያሠራታል። ሾኩ ሲለጠጥ ዝቅተኛ ግፊት ካለበት ማጠራቀሚያ ዘይት ትስባለች፣ ሾኩ ሲጨመቅ ያንኑ ዘይት ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ክፍል ትገፋዋለች። ግፊቱ ሲጨምር ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መኪናውም ይነሳል። ልኩ ላይ ሲደርስ የፓምፑ ዘንግ ላይ ያለች ቀዳዳ ትከፈትና ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ በቃ መንፋቱ ያቆማል። ዕቃው ሲወርድም መኪናው ከልኩ በላይ ስለሚነሳ በዚያችው ቀዳዳ ዘይቱ ይመለስና ቁመቱ ወደ ቦታው ይወርዳል። ግፊቱ ከጭነቱ ጋር ስለሚጨምር ንጥረት የማብረድ ጉልበቱም አብሮ ያድጋል። ይሄን የፈጠረ ሰው እጁ ይባረክ።

ታዲያ የቆመ መኪና አይነሳም። ዕቃ ጭናችሁ ቁጭ ብላ ብታዩአት አትደንግጡ፤ እንደ መንገዱ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለባት። ምርመራውም ከዚሁ ይወጣል። ሜትር ያዙ። ባዶዋን ትንሽ ነድታችሁ ደልዳላ ቦታ አቁሙና ከኋላ ጎማ መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ መከለያ) ጠርዝ ለኩ። ከመሬት ጀምራችሁ አትለኩ፣ የጎማው ንፋስ ልኩን ያዛባዋል። ከዚያ ጫኑና ለኩ። ከዚያ ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ሦስተኛው ልክ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ ፓምፑ ይሠራል፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሁለተኛው ላይ ከቀረ ሾኩ አልቆለታል። የኔዋ ንቅንቅ አላለችም። ከታች ገብቼ ሳይም አንደኛው ሾክ ዘይት ለብሶ አቧራ ተጋግሮበታል።

በአየር የሚሠሩት ሌላ ዓለም ናቸው። በ2000ዎቹ የቼቭሮሌት ታሆና ሰበርባን ላይ አውቶራይድ የሚባለው አለ፤ የኋላ ሾኩ በአየር ይነፋል፣ ኮምፕሬሰርና የቁመት ሴንሰር አለው፣ ሾኩም የኤሌክትሪክ ሶኬት አለው። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ባለው የኮድ ወረቀት ላይ ዜድ55 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። እዚህ ተራ ሾክ ከገባ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ከኋላም ይወርዳል። እንደዚህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት የአየር ቱቦዎቹንና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ፈትሹ፤ አየር የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳ ኮምፕሬሰሩን ያለ እረፍት እያሠራ ያቃጥለዋል። አንዳንድ ፕራዶ 120 ላይ ደግሞ በሞላው ቦታ የአየር ፊኛ አለ፣ ሾኩ ለብቻው ነው። እዚያ መኪናው ቁጭ ሲል ጥፋቱ የሾኩ አይደለም። ላንድ ክሩዘር 100 ላይ ያለው ኤኤችሲ ጭራሽ ሌላ ነው፣ በፓምፕ የሚገፋ ዘይትና ጋዝ የያዙ ሉሎች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ አልገባበትም።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ሲትሮዌን በ1954 እ.ኤ.አ. ለኋላ ጎማዎች ብቻ በዘይትና በጋዝ የሚሠራ አውጥቶ ነበር፣ በ1970 የወጣው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨርም የኋላ አክስሉ መሃል ላይ በመንገዱ እንቅስቃሴ ራሱን የሚነፋ፣ ቦጌ የሚባል ኩባንያ የሠራው አንድ ቁመት አስተካካይ ነበረው።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። ትልቁ ወጥመድ ካታሎጉ ነው። በአንድ ሞዴል፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ዓይነት የኋላ ሾክ ይኖራል፤ ራሱን የሚያስተካክለውና ተራው። ሱባሩ ፎረስተርም በአንዳንድ ዓመታት እንደዚሁ ነው። ሞዴልና ዓመት ብቻ ብትሰጡ የሚመጣላችሁ በብዛት ተራው ነው። ስለዚህ በሻንሲ ቁጥር አስፈልጉ፣ ከዚያ የተሰጣችሁን ቁጥር አሮጌው ሾክ ላይ ከታተመው ጋር አመሳክሩ። ጽሑፉ በጭቃ ከተሸፈነ በጨርቅና በነጭ ጋዝ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ በሽቦ ብሩሽ ከፈተጋችሁት ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩ ከጠፋ ውፍረቱ ይናገራል፤ ኒቮማት ሆዱ ውስጥ ብዙ ነገር ስለያዘ ከተራው በግልጽ ወፈር ይላል። ይሄ ግን የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። አንዱ ባለቤት ቀድሞ ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል የሻንሲ ቁጥሩና የገጠመው ሾክ ካልተስማሙ ሞላውንም ማጣራት ያስፈልጋል።

አንድ ሻጭ ተራውን አቅርቦልኝ «ቀዳዳው ይገጥማል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይገጥማል። ችግሩም ይኸው ነው! ኒቮማት የክብደቱን አንድ ድርሻ ስለሚሸከም አብሮት የሚመጣው ሞላ ለስለስ ያለ ነው። ኒቮማቱን አውጥታችሁ ያንን ሞላ ብቻውን ከተዋችሁት መኪናው ባዶውንም ቁጭ ይላል፣ ሲጫን መጋጫ ላስቲኩ ላይ ይጋደማል፣ የፊት መብራታችሁም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል። ወደ ተራ መቀየር የሚፈልግ ሰው ሾክና ሞላ አንድ ላይ ይቀይር፤ ሞላው የዚያው ሞዴል፣ ራሱን የማያስተካክለው ዓይነት ላይ የሚገባው ይሁን። ብዙውን ጊዜ ባዶ ለሚነዳ ሰው እኔም ይሄንን እመክራለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ቀጣዩ ቅያሬም ቀላል ይሆናል። ሞላ ውስጥ ገብቶ በአየር የሚነፋ ፊኛም አለ። ግን በጫናችሁና ባወረዳችሁ ቁጥር ንፋሱን ራሳችሁ መቆጣጠር ስላለባችሁ ለኔ ጸባይ አይሆንም።

እኔ የመረጥኩት አዲስ ኒቮማት ነው፣ ዋጋው ቢያንገበግብም። መኪናዋ ብዙ ጊዜ ሙሉ ናት፣ ተጎታችም ትስባለች። ያገለገለ ቀርቦልኝ አልፈለግኩም፣ መኪና ላይ ገብቶ ካልተሄደበት ፓምፑ መሥራቱ አይታወቅማ።

ገጠማው ከፍለጋው ይቀላል፣ ሁለት ሦስት ነገር ካወቃችሁ። ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ከስር አትግቡ፣ ሻንሲውን በጠንካራ ብረት ደግፉ። ብራቾውንም (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ሌላ ክሪክ ይያዘው፣ ሾኩ ሲፈታ ብራቾው ድንገት ወርዶ ሞላው ሊያመልጥ ይችላል። አዲሱ ኒቮማት ተለጥጦ ነው የሚመጣው፣ ውስጡ ግፊት ስላለው በእጅ አይጨመቅም። የላይኛውን አስራችሁ ብራቾውን በክሪክ ቀስ እያላችሁ አንሱት፣ ቀዳዳው ራሱ ይመጣል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ እንዳትይዙት፤ አንድ ጭረት ዘይቱን የሚያግደውን ኦሪንግ ይበላዋል። ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ያለበትን ቡሎን ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። መኪናው በራሱ ክብደት ሲቀመጥ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ፣ አለበለዚያ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናው መጽሐፍ ውሰዱ። አሮጌውንም አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ እሳት አጠገብም አታስቀምጡት፣ ግፊቱ ውስጡ አለ።

አሁን ጭኜ ስነዳ ከኋላ ትነሳለች፣ ጓ ማለቱም ቆሟል። የፊት መብራቱን ማስተካከል ግድ ሆኗል፤ ቁጭ ባለችበት ዘመን ወደ ታች ተደርጎ ነበርና አሁን መንገዱን ብዙም አያሳይም።

የቀረኝ የፊቶቹ ሾኮች ናቸው። ተራ ናቸው፣ ግን ካታሎጉ እዚያም ሁለት ቁጥር እየሰጠኝ ስለሆነ በሻንሲ ቁጥሩ እያጣራሁ ነው። ኒቮማት አውጥቶ ሾክና ሞላ አንድ ላይ የቀየረ ካለ፣ ሙሉ ሲጫን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድበት ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው የተለካውን፣ ባዶውንም ሙሉውንም።