የሐዋሳ ሌሊትና የአንድ ዓመቱ ቀጠሮ

እንቅልፍ የሚወድ ሰው ዐርብ ማታ ሐዋሳ ባይገባ ይሻለዋል። በስልክ 900 ብር ያሉኝ ፔንሲዮን ስደርስ 1,300 ሆኖ ጠበቀኝ። «ዋጋ ተሻሽሏል» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፤ መቼ ብላት መልስ የለም። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥቼ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጌ የመጣሁ ነኝና ሌላ ማደሪያ ለመፈለግ ጉልበት አልነበረኝም፤ ከፈልኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃም አለው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ግን የአዳር ጸሎት ነበር። መዝሙሩና ስብከቱ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠለ፤ እሱ ጋብ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ ተከፈተ፣ ከዚያ አዛን። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሌሊት የማውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ከጸሎቱ የሚወጡትን ሳይ ግን ንዴቴ በረደ። ወጣቶቹ ወንበር ይደረድራሉ፣ አንዷ ስም እየጠራች በሰፈር በሰፈር ትመድባለች፣ ሽማግሌዎቹን በባጃጅ ይሸኛሉ። ቀበሌ አላዘዛቸውም፣ አበልም የለም። ሰው ለምን ያምፃል ብሎ የትጥቅ ትግልን ታሪክ ላጠና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታጣቂ ቡድን ከጠመንጃ በፊት የሚያስፈልገው በስም የሚተዋወቅ ሕዝብ፣ ሳያስጠረጥር የሚሰበሰብበት ቦታና ቃሉ የሚታመን ሰው ነው። ሃይማኖት ሦስቱንም አዘጋጅቶ ያስቀመጠ ነውና አማፂም መንግሥትም ቀድሞ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ሕወሓት በረሃ ሳለ ካህናትን ጉባኤ የጠራው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ የሃይማኖት ልዩነት ብቻውን ሰው ያሸፍታል የሚለውን አልቀበልም። ከ1955 እስከ 1962 የቆየውን የባሌ አመፅ የመሩት ዋቆ ጉቱ ሙስሊም ነበሩ፤ ገዥዎቹና ባለመሬቶቹ በአብዛኛው ክርስቲያን፤ መሣሪያውም ከሶማሊያ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የሃይማኖት ጦርነት አድርጎ ያወራዋል። በ1960 ግን የእኔው ጎጃም ተነሣ፤ ገበሬው ኦርቶዶክስ፣ ንጉሡም ኦርቶዶክስ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግብር እና ቃላድ የሚባለው የመሬት ልኬት ነው። ባሌ ላይ መሬት በቃላድ እየተለካ ግብር ያልቻለው ገበሬ ርስቱን አጣ። ጎጃም ላይ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው «ነገ ርስቴን ሊለኩ ነው» ብሎ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ጎጃም የበረደው ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው የተጠራቀመው ግብር ሲሰረዝ ነው።

በማግስቱ ወደ ሎቄ የወሰደኝ ባለባጃጅ 300 ብር ጠየቀ፤ በ200 ተስማማን። በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ልጅ ነው። ሎቄ ግንቦት 16 ቀን 1994 በሐዋሳ አስተዳደር ጉዳይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች የተገደሉበት ቦታ ነው። ልጁ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 በቃሉ ይወርደዋል፦ አንድ ብሔር ክልል ልሁን ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደገፍና በጽሑፍ ሲቀርብ፣ ብሔሩ ያለበት ክልል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ሐምሌ 11 ቀን 2010 አጸደቀ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሕዝበ ውሳኔ ሳይኖር ደረሰ፤ ኤጄቶ የሚባሉት ወጣቶች ወጡ፣ ሰው ሞተ፣ ቤትና ንብረት ነደደ።

«ጋሼ፣ ቀኑን እኮ እኛ አይደለንም የወሰንነው» አለኝ። ልክ ነው። ትምህርት ለዐመፅ የሚያዋጣው እንዲህ ነው፤ አንቀጹን የሚያነብ፣ ቀን የሚቆጥርና ጥሪ የሚጽፍ ሰው ያወጣል። ሕወሓትንም የመሠረቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ የተራቡት ገበሬዎች አልነበሩም።

ድህነቱን ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል አየሁት። በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ግድም ነበር፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ የማይበቃ። የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አስወጣች፤ ትልቁ የልብስ ገዢ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ በፊት ማምረቻውን መዝጋቱን አስታውቆ ነበር። በዚያ ጦርነት ጥይት ያልተተኮሰባት ከተማ በጦርነቱ ሥራ አጣች። ሆኖም ሥራ ያጡት ልጆች ጫካ አልገቡም። ድህነት ተዋጊ በርካሽ ያስቀጥራል፤ የሚቀጥረው ከሌለ ግን ሰው ወደ ቤተሰቡ ወይም ወደ ዐረብ አገር ነው የሚሄደው።

አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ጥብስ 250 ብር ነበር፤ ከአዲስ አበባው ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ እሾሁ እንኳ ይበላል። ጠረጴዛ ያጋሩኝ ጡረታ የወጡ መምህር ሒሳቡን ሳላያቸው ከፈሉ። «እንግዳ ነህ ልጄ» ብለው አፌን ዘጉኝ። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተምረዋል፤ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ነው። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ማንበብ የፈለጉት የግብር ደረሰኝ እንደነበር ነገሩኝ።

ስለ መሬት አዋጁ ያሉት አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕወሓት ደደቢት የወጣው የካቲት 11 ቀን 1967 ነው፤ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የካቲት 25። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው እስከ አሥር ሔክታር ነበር። ደቡብ ላይ አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ አወጣ፣ የሽፍትነትን ዋና ምክንያት ነጠቀ፤ ትግራይ ግን ብዙው ገበሬ ቀድሞም ባለርስት ስለነበር ያን ያህል አላስደሰተውም። በዚያ ላይ ሕወሓት በያዘው ቦታ ባይቶ የሚባል የሕዝብ ምክር ቤት እያስመረጠ መሬት አከፋፈለ፣ ዳኝነት ሰጠ። እውነተኛ ምርጫ ነበር እላለሁ፤ ግን በአንድ ድርጅት ጠመንጃ ሥር ያለ፣ ድርጅቱን ራሱን ማውረድ የማይቻልበት ምርጫ።

መምህሩ ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ለክልልነት ከቆመው ሻፌታና ባለበት ይቀጥል ከሚለው ጎጆ ምልክት መርጠዋል። ፊደል የማያውቁ እናቶች ሰው ሳያማክሩ ድምፅ የሰጡት ምልክት ስላለ ነው ይላሉ። ከ98 በመቶ በላይ ክልልነትን ደገፈ፣ ሲዳማም በሰኔ ክልል ሆነ። ያው ዓመት ግን አገራዊው ምርጫ በኮቪድ ተራዘመ፤ ትግራይ ጳጉሜ 4 ለብቻዋ መረጠች፣ ፌዴራሉ አልቀበልም አለ፣ አንዱ ሌላውን ሕገ ወጥ አለው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነት ተከፈተ። ሰኔ 14 ቀን 2013 መምህሩ እዚህ ሲሰለፉ ትግራይ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ አልነበረም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነትም በምርጫ ቦርድ ሥር ምርጫ እስኪካሄድ ድረስ ጊዜያዊ አስተዳደር ይቋቋም ይላል። ሁለት ዓመት ከተዋጉ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ያው ከጦርነቱ በፊት የነበረው ጥያቄ ነው፦ ማን ይምረጥ፣ ማንስ ያስመርጥ?