ሁለቱ ሶፍትዌሮች አልስማማ ያሉኝ ሳምንት

ባለፈው ክረምት እዚህ ጎንደር ሥራ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሥራዬ የባዮኬሚካል ኔትወርክ ሞዴሎችን (ሴል ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጡ በቀመር የሚያሳዩ) ኮፓሲና ቴሉሪየም የሚባሉ ሁለት ሶፍትዌሮች ላይ አስኪዶ ውጤታቸውን ማስተያየት ነበር፣ ሁለቱም ያንኑ የኤስቢኤምኤል (የሞዴል መጻፊያ ፎርማት ነው) ፋይል ስለሚያነቡ ከርቮቹ አንዱ ባንዱ ላይ መተኛት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሞዴሎች እንደዛ ሆኑልኝ። አንዱ ተመራማሪዎቹ እነ ኤሎዊትዝ እ.ኤ.አ በ2000 ያወጡት ሬፕሬሲሌተር ነው፣ ሦስት ጂኖች በዙር አንዱ ቀጣዩን እያፈነ ከፍ ዝቅ የሚልበት፣ እሱ እንኳ ነጥብ በነጥብ ገጠመ።

አራተኛው ላይ ተበላሸ። ግሉኮሱ ኮፓሲ ላይ ከ5 ሲነሳ ቴሉሪየም ላይ ከ1 ይነሳል፣ ቅርጹ ያው ቁመቱ ሌላ። ቶለራንሱን (የሚፈቀደውን የስሌት ስህተት) አጠበቅሁት፣ ያው። ሶልቨራቸው፣ ማለትም ቀመሮቹን የሚፈታው ክፍል፣ ስለሚለያይ ይሆናል (አንዱ ኤልሶዳ አንዱ ሲቮድ ነው) ብዬ እሱን ስበረብር ሁለት ቀን ሄደ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ፒያሳ ጄኔሬተር ያለው ካፌ እየተቀመጥሁ። መጨረሻ ላይ ቴሉሪየም ተሳስቷል ብዬ ሪፖርት ጽፌ ለአለቃዬ ላክሁ።

ጠሩኝ። ስለ ሪፖርቱ ምንም አላሉም፣ "ኤክሴሉን ክፈችውና የቴሉሪየሙን ዓምድ ለኮፓሲው አካፍይው እስቲ" አሉኝ። አካፈልሁት። 0.2፣ 0.2፣ 0.2፣ እስከ ታች 0.2።

"ሶልቨር ሲሳሳት እንዲህ እኩል አርጎ አይሳሳትም ልጄ። የሴሉ ቮልዩም ስንት ነው?"

ፋይሉን ከፈትሁ። 0.2።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቴሉሪየም ላይ የንጥረ ነገሩን ስም እንዲሁ ከጻፋችሁት የሚሰጣችሁ ጠቅላላ መጠኑን ነው፣ ኮንሰንትሬሽን (መጠኑ ለቮልዩሙ ሲካፈል) ከፈለጋችሁ ስሙን አራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። እኔ ቅንፉን ትቼዋለሁ፣ ከኮፓሲ ያወጣሁት ደግሞ ኮንሰንትሬሽን ነው። በጣም ያስደነገጠኝ ግን ይሄ አይደለም፣ ሦስቱ "የገጠሙት" ሞዴሎች ናቸው። የነሱ ቮልዩም 1 ነበር፣ በ1 ሲባዛ ደግሞ መጠኑም ኮንሰንትሬሽኑም ያው ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ስህተቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዛው ነበር፣ እኔ ገጠመ ገጠመ እያልሁ ሳልፈው።

ያን ቀን ማታ ልዩነት ካለ እንዲታይ የሦስቱንም ቮልዩም 0.3 አድርጌ፣ ቅንፉን አስገብቼ፣ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ላይ እንደገና አስኬድኋቸው። አሁን በእውነት ገጠሙ። ሪፖርቱንም ከፍቼ "ተሳስቷል" ያልሁባትን አረፍተ ነገር አጠፋሁና ከላይ የየሞዴሉን ቮልዩም ጻፍሁበት።