ዝናቡን ተከትዬ ወደ ጅማ

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ድረስ ይቆያል። አብዛኞቻችን ግን ጸደይ ሲባል ትዝ የሚለን መስከረምና አደይ አበባው ነው፤ የመጋቢቱን ጸደይ በልግ ብለን እናልፈዋለን። የጅማ ምድር ደግሞ የራሱ አበባ አለው። የበጋው ድርቅ ካበቃ በኋላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል የሚፈነዳው የቡና አበባ ነው፤ እኔም ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ጅማን ልጎበኝ የሄድኩት ይህን አበባ በዓይኔ ለማየት ብዬ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ጉዳይ ሄጄ ሳይሳካልኝ ተመልሻለሁ። ያን ጊዜ ቀኑን የመረጥኩት የዓመት ፈቃዴን እያየሁ ነበርና ስደርስ አበባው ጠውልጎ ቡናማ ሆኖ ከቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ጅማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በጣም አዘነችልኝ፤ ሁለት ቀን ብቀድም ኖሮ እደርስበት እንደነበረም ነገረችኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ቀን አልቆረጥኩም። እሷ ዝናቡን ስትጠብቅ ሰነበተችና አንድ ማታ ደውላ፣ «ዘንቦልሻል፤ ከዛሬ ጀምረሽ ስምንት ቀን ቁጠሪ» አለችኝ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት መናኸሪያ ነበርኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው ርቀት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በአውሮፕላን ሄዶ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ማረፍም ይቻላል፤ በዚህ ወቅት ለሚሄድ ሰው ግን የምመክረው የምድሩን መንገድ ነው። ወሊሶና ወልቂጤ ድረስ መሬቱ ገና የበጋ መልኩን አልለቀቀም፤ ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ ይበረታና መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ወንዙን ተሻግሮ ወደ አበልቲ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሰኮሩንና ደነባን አልፎ የግልገል ጊቤ 1 ግድብ የያዘው ውኃ ይታያል። ይህ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ነው። ከአሰንዳቦ ወዲህ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ ሜዳው ለምልሟል፣ ሰርቦ አካባቢ ከየጎጆው ጓሮ ቡና ብቅ ይላል። ቡናው አብቦ እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ጅማ ገባሁ፤ ቅጠሉን እንጂ አበባውን አላየሁም፤ እንደገና አመለጠኝ ብዬ ሰጋሁ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ የአክስቴ ልጅ ቀሰቀሰችኝና በባጃጅ ወደ ጅሬን ወጣን። ጅሬን ከመሐል ከተማው ወደ 8 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ኮረብታ ናት። ዳገቱን እየወጣን ሳለ አንድ ሽታ መጣ፤ የብርቱካን አበባ የሚመስል፣ ከእሱ ግን ጠንከርና ጣፈጥ የሚል ሽታ። ባጃጁ መታጠፊያውን ሲዞር የዳገቱ ቡና በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ሌሊት ውርጭ ወርዶበት ያደረ ይመስል ነበር፤ ባለ ባጃጁ ወጣትም ሞተሩን አጥፍቶ አብሮን ዝም አለ።

የቡናው ባለቤት አዛውንት እኛን አይተው ከቤታቸው ወጡ። ሰላምታ ተለዋውጠን የመጣንበትን ስንነግራቸው፣ «ግቡ ልጆቼ፣ አበባ ለማየት ምን ማስፈቀድ ያስፈልጋል?» ብለው ወደ ጓሯቸው አስገቡን፤ ቅርንጫፉን ግን በእጃችን እንዳንነካ አደራ አሉን። በሳሳና በዋንዛ ዛፎች ጥላ ሥር የተተከለው ቡና ከሰው ቁመት በላይ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ቀረብ ብዬ አየሁት። በእያንዳንዱ የቅጠል ብብት ውስጥ አበባው ተጠጋግቶ ተሰድሯል፤ እያንዳንዱ አምስት ቀጫጭን ነጭ ቅጠሎች አሉት፤ ከመሐላቸውም ዘንጎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄዱት ንቦች ብዛታቸው የሚገርም ነበር፤ ድምፃቸው ሳይቆራረጥ ይሰማል። እንደ እኛ አገሩ አረቢካ ያለው ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚችል ዘር ቢሆንም ንብ ሲጎበኘው የሚይዘው ፍሬ እንደሚሻሻል ይታወቃል። አዛውንቱም ቀፎዎቻቸውን ከቡናው ራስጌ ባለው ዛፍ ላይ የሰቀሉት ለዚሁ ነው።

እምቡጡ ቀደም ብሎ በበጋው ውስጥ ይፈጠርና አድጎ አድጎ ይቆማል፤ ድርቁ ያስተኛዋል ማለት ይቻላል። በቂ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ባሉት ቀናት ውስጥም በአንድ ጠዋት በአንድነት ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ዝናቡ በየአካባቢው በተለያየ ቀን ስለሚጥል የአንዱ ቀበሌ ቡና ሲያብብ የሌላው ገና እምቡጥ ሊሆን ይችላል። እኔ በሰርቦ ያላየሁትን በጅሬን ያገኘሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንዱ ጋ ያመለጠው እንግዳ ተስፋ ሳይቆርጥ ከፍ ወይም ዝቅ ወዳለው ቦታ ሄዶ መጠየቅ አለበት።

አዛውንቱ ቡና ሳንጠጣ አለቀቁንም። ዐቢይ ጾም ስለነበረ ለእኛ ብለው ቅቤውን ትተው ባዶውን አስፈሉልን እንጂ በዚያ አገር የተለመደው ሌላም አለ፤ እሸቱን ወይም የደረቀውን ቡና ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ የሚቀርበው ቡና ቀላ ነው። ለጾም የማይሆን በመሆኑ አልቀመስኩትም። የራሳቸውን ማር በውኃ በጥብጠው ያቀረቡልን ብርዝ ግን ከአንድ ብርጭቆ በላይ አስጠጣኝ።

ከዚያ ቀጥለን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የገዙ ንጉሥ ናቸው። በ1882 (እ.ኤ.አ.) ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ማዳናቸው፣ በምላሹም በውስጥ አስተዳደራቸው ጸንተው መቆየታቸው በታሪክ ስማቸውን ያስጠራል። ቤተ መንግሥቱን ልዩ የሚያደርገው የእንጨቱ ሥራ ነው፤ ፎቁ፣ ሰገነቱ፣ ደረጃው፣ ዓምዶቹ ሁሉ ከአካባቢው ዛፍ የተጠረቡ ናቸው። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ጅማ በዛፍ ተሸፍና ትታያለች፤ ንጉሡ ይህን ቦታ የመረጡበት ምክንያት ያኔ ይገባል። ብዙ እንግዳ ግን ቤተ መንግሥቱን ብቻ ፎቶ አንሥቶ በግማሽ ሰዓት ይወርዳል፤ ይህ ያሳዝነኛል። የንጉሡ ሀብት የተመሠረተው በዙሪያው ባለው ለም መሬትና በሥሩ ባለው ገበያ ላይ ነበርና ኮረብታውን ሳይዞሩ፣ ገበያውን ሳያዩ ቤተ መንግሥቱን ብቻ ማየት ግማሹን ታሪክ ጥሎ መሄድ ነው። የንጉሡን ዕቃዎች ለማየት ደግሞ ከተማው ውስጥ ያለው ሙዚየም አለ፤ ለእሱ ዝናብ የሚጥልበትን አንድ ከሰዓት መመደብ ይበቃል።

ያ ገበያ ሒርማታ ነው። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በዚህ ገበያ ዙሪያ ሲሆን በንጉሡ ዘመን የሐሙስ ገበያው ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጠራ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሄድኩበት። በበልግ ገበያው ውስጥ ቡናው ያለፈው ዓመት ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው፤ አዲሱ ገና ዛፍ ላይ አበባ ነውና። ማሩ ግን ብዙ ዓይነት ነው። ከጌራ በኩል የሚመጣው ነጭ ማር፣ ሻጮቹ እንደነገሩኝ፣ ንቡ ጌተማ የሚባለውን የጫካ ዛፍ አበባ ቀስሞ የሚሠራው ነው፤ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል። በጣቴ ቀምሼ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

የጅማን በርጩማ ሲጠርቡ ማየትም የፈለግኩት ነገር ነበር። አንድ ጠራቢ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ አገኘሁት። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ሚስማርም ሙጫም አያውቀውም፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት። ጠራቢው የዋንዛውን ጉማጅ በእግሮቹ መካከል ይዞ በትንሽ መጥረቢያ ይፈልጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጉማጁን ትንሽ ያዞረዋል። መቀመጫውን ጎድጎድ አድርጎ ሲጨርስ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ እጁ የቆመበትን ቦታ እንደገና ይፍቀዋል። ለምን ሦስት እግር ብቻ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሦስት ከሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም፤ አራት ከሆነ አንዱ ይንጠለጠላል» አለኝ። እንግዳ ሰው ከጅማ ይዞት ሊመለስ ከሚችለው ዕቃ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ገና እርጥብ የሆነውን ግን አይግዛ፣ ቤት ሲደርስ ይሰነጠቃል።

በበልግ ጅማ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታጣም። በዓመት የሚጥለው ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ቢሆንም የበልጉም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የውጭ ጉብኝት ሁሉ በጠዋት መሆን አለበት፤ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ያልያዘ ሰው ይቸገራል። እኔም ቦዬን ያየሁት ገና በማለዳ ነው። ቦዬ ከከተማው ዳር ያለ ረግረግና ኩሬ ሲሆን ጉማሬ የሚኖርበት ነው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሁለት ጆሮና አፍንጫ ከውኃው በላይ ብቅ ሲል አየሁ፤ ከዚያ ሰጠመ። በሣሩ ውስጥ ራሷ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ ያላት ረጅም ወፍ ጥንድ ሆና ትራመድ ነበር። በረግረጉ ዙሪያ የጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍም ይተከላል። ከተማ በበዛበት ዘመን ጉማሬ በእግር በሚደረስበት ርቀት ማግኘት ምን ያህል ዕድል እንደሆነ ያስተዋለ ሰው ይህን ሲያይ ይጨነቃል፤ እኔም ተጨንቄ ተመለስኩ።

ስለ ቡና የጠለቀ ነገር ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ከከተማው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ መልኮ ወደሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቢሄድ አይቆጭም። ማዕከሉ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ነው። የቡናን ፍሬ ገና በለጋነቱ የሚያጠቁረው በሽታ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ሲከሠት የሚቋቋሙትን ዛፎች ከጫካና ከገበሬ ማሳ መርጦ ያባዛው ይህ ተቋም ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች በ1974 (እ.ኤ.አ.) የተመረጡ በመሆናቸው ነው በ74 የሚጀምሩት። የጅሬኑ አዛውንትም ከአሮጌው ቡናቸው መካከል የተከሏቸውን ጥቂት ሥሮች በቁጥራቸው ጠርተው አሳይተውኛል።

ጊዜ ያለው ሰው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አጋሮ ይሂድ፤ በዚያው በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ እንደሆነች ነዋሪዎቿ በኩራት ይናገራሉ፤ ከፋዎችም የኛ ነው ይላሉ። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ያለው፣ በለጠ የሚባለው ደን ደግሞ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፍ ሥር ሲያድግ፣ ጉሬዛ ከላዩ ሲዘል የሚታይበት ነው። ሁለቱንም ለመሄድ ጊዜ አላገኘሁም፤ የቀረኝን አንድ ጠዋት ለጅሬን አስቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ ዳገቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሽታው የለም፤ ነጩ አበባ ቡናማ ሆኖ መሬት ላይ ረግፏል፣ ጥቂቱም ገና ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቋል። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን ሳይ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። አዛውንቱ ግን የጠወለገውን አንዱን አበባ በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው ሳቡና ከሥሩ የቀረችውን የመርፌ ራስ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ አሳዩኝ። «ይቺ ናት ቡናው። ዝናቡ ካልከዳን በጥቅምት ትቀላለች፤ ያኔ ደግሞ ለለቀማ ነይ» አሉኝ። ሰባት ወር በጣቴ ቆጠርኩና የአክስቴን ልጅ አየኋት፤ እሷ አስቀድማ ራሷን እየነቀነቀች ነበር።