የለንደን ውሃ መስኮት ላይ ነጭ ምልክት እንዳይተው

ለንደን ውስጥ ሻይ የሚያፈላ ሁሉ የውሃውን ጠባይ ያውቀዋል፤ ኬትሉን ብዙም ሳይቆይ ነጭ ቅርፊት ይወርሰዋል። መስኮት ላይ ጠብታው በደረቀበት ሁሉ ቀለበት የሚተወውም ያው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ከመሬት ሆኖ በረጅም ዘንግና ብሩሽ አጥቦ፣ ሳይወለውሉ ትቶ መሄድ የሚቻለው ማዕድኑ ከውሃው ሲወጣ ብቻ ነው።

በመስኮት አጠባ ሥራ ለመሰማራት የምታስቡ ወገኖች፣ ከማጣሪያው በፊት የቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ግዙ። የለንደን የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ ማዕድን እንደሆነ) ያሳያል። የምትፈልጉት 0 ነው፤ ከ10 ካለፈ መስታወቱ ላይ ያስታውቃል።

ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ ደለል የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ቀጥሎ የካርቦን ማጣሪያ፣ ከዚያ የአርኦ ሜምብሬን (ውሃው በግፊት ሲያልፍበት አብዛኛውን ማዕድን የሚያስቀር ስስ ሽፋን)፣ መጨረሻ ላይ ሬዚን (የተረፈውን ማዕድን የሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች)። ካርቦኑ የገባው የቧንቧውን ውሃ ክሎሪን እንዲይዝ ነው። ክሎሪን ሜምብሬኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አንዴ ከተበላ መጠገኛ የለውም። በየ6 ወሩ ካርቦኑን ቀይሩ፤ ርካሹን አድናለሁ ሲሉ ውዱ ይሄዳል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ሬዚን ብቻ ገዝቶ ሲነሳ ነው። 300 ፒፒኤም ውሃ በቀጥታ ከገባበት ሬዚኑ 300ውን በሙሉ ይሸከማል፤ ወዲያው ያልቃል። ደህና ሜምብሬን ከመቶ 95 ያህሉን ቀድሞ ካስቀረለት ግን የሚደርሰው 15 ብቻ ነው፤ ያው ሬዚን 20 እጥፍ ውሃ ያጠራል። ስለዚህ ከሬዚኑ በፊትም በኋላም ለኩ። የፊተኛው ቁጥር ከፍ ካለ ሜምብሬኑን፣ የኋለኛው ብቻ ከፍ ካለ ሬዚኑን ጠርጥሩ። ውሃው ዓሣ ዓሣ ከሸተተም ሬዚኑ አልቋል። ሜምብሬኑ ቆሞ ካደረ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ውሃ ወደ ሬዚኑ ሳታስገቡ ድፉት።

በቀን 400 ጋሎን የሚል ሜምብሬን በሰዓት 63 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ ይህ ግን ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆንና ግፊቱ ሲበቃ ነው። በጥር ብርድ ግማሹን ጠብቁ። ግፊቱ ከ3 ባር ካነሰ ማሳደጊያ ፓምፕ ጨምሩ። ሜምብሬኑ ያስቀረውን ማዕድን ይዞ በመውጫው የሚደፋው ውሃ ከጠራው ጋር ቢያንስ እኩል ይሆናል። አሳዝኗችሁ መውጫውን እንዳትዘጉት! ማዕድኑን ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ከታነቀ ሜምብሬኑ ላይ ይጋገርና ይደፍነዋል።

ብሩሹ በደቂቃ 1.25 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ አርኦው በብርድ የሚሰጠው ግማሽ ሊትር ነው። በቀጥታ አታገናኟቸው። ማታ ባለ 25 ሊትር ጀሪካኖችን ሙሉ፤ ጠዋት ባለሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ አንዱን ጀሪካን፣ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ባትሪና የፍሰት መቆጣጠሪያ አስሩ። አንዱ ጀሪካን 20 ደቂቃ ያሠራል። ሳሙና ወይም ዘይት የነበረበት ጀሪካን አይሆንም።

ውሃው 0 ሆኖ መስኮቱ ከተዥጎረጎረ የላይኛውን ክፈፍ ተመልከቱ፤ እዚያ የተኛው አቧራ ዘግይቶ እየተንጠባጠበ ነው። መጀመሪያ ክፈፉን እጠቡ፣ ጠብታው እስኪያባራ ሌላ መስኮት ሥሩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ መስታወቱን ፈትጋችሁ ከላይ ወደ ታች አለቅልቁ። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦ አጠገብ በፍጹም አታንሱት። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊትም ማጣሪያውን መኪና ውስጥ አታሳድሩ፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ሜምብሬኑንም ቀፎውንም ይሰነጥቃል።