በበፈር ፈሳሻችሁ ውስጥ አዛይድ ካለ ሥራውን አትጀምሩ

ጎንደር ውስጥ ኒውትሮፊል በሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ላይ የማስተርስ ጥናት ለመሥራት ለተነሣ ሰው ይህን የምጽፈው ለእኔ የነገረኝ ስለሌለ ነው።

ጥያቄዬን ያመጡት ከመተማና ከሁመራ በወባ ተይዘው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጥገኛው ያልገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ጭምር ለምን ያልቃሉ? አንዱ ተጠርጣሪ የራሳችን መከላከያ ነው። ኒውትሮፊል ሲነቃ ከኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ውህድ ይሠራል፤ ከዚያም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል። ይህ አጠገቡ ያለ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን ወደማይሸከም ቡናማ ሜትሄሞግሎቢን ይለውጠዋል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ደሙን አረንጓዴ ክዳን ባለው የሄፓሪን ቱቦ ቀዳሁ፣ ሕዋሳቱን ለየሁ፣ ኒውትሮፊሎቹን ፒኤምኤ በሚባል አነቃቂ ኬሚካል አነቃሁ፣ ከቀይ ሕዋሳት ጋር 37 ዲግሪ ላይ አቆየሁ። መብራት ሳይጠፋ በማለዳ ጀምሩ፤ ኒውትሮፊል ለነገ አይቆይም።

ያቃጠለኝ በፈሩ፣ ማለትም ሕዋሳቱ የሚቀመጡበት አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ፣ ነው። የላብራቶሪው ማኑዋል ባክቴሪያ እንዳያድግበት ሶዲየም አዛይድ ጨምሩበት ይላል። እንደታዘዘው ሠራሁ። ቡናማ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ቱቦ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም፣ ካታሌዝን፣ ብጨምርም ባልጨምርም ልዩነት የለም። ኃላፊው «እንግዲህ ጥፋቱ የኦክስጅን አይደለም ማለት ነው፤ ጻፈውና ጨርስ» አለኝ። አዛይዱን እንጠርጥር ስለው ደግሞ «ማኑዋል የሚጻፈው ሊከበር ነው» ብሎ ዘጋኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል!

አዛይድ የኒውትሮፊሉን ኢንዛይም፣ ማየሎፐርኦክሲዴዝን፣ ያግዳል። ካታሌዝንም ያግዳል፤ የጨመርኩትንም፣ ቀዩ ሕዋስ በራሱ ያለውንም። ይባስ ብሎ ሜትሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ መልሶ ያቀላዋል፤ ሜትሄሞግሎቢንን ለመለካት በ630 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የሚነበበው ቁጥር ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። ጉዳቱ ደርሶም ቢሆን አይታይም።

ያለ አዛይድ በዕለቱ አዲስ በፈር አዘጋጅቼ፣ በአውቶክሌቭ አምክኜ ደገምኩት። የነቃ ኒውትሮፊል ያለበት ቱቦ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ፤ ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድን የሚያስወግደው ኢንዛይም፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ አብረው የገቡበት ግን ቀይ እንደሆነ ቆየ። ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አቁሜ ሳያቸው የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ማኑዋሉ እንዲታረም በጽሑፍ አመለከትኩ፤ መልስ አልመጣም። ስለዚህ ከመደርደሪያ የምታነሱትን ጠርሙስ መለያ ራሳችሁ አንብቡ። ምን እንደገባበት ካልተጻፈበት ተዉት፣ አዲስ በጥብጡ።